ካርዱ ከፎጣው ላይ፣ በጉ ከፎጣው ስር

ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የተማርኩት የካርድ አያያዝ ነው። ካርድ በጠርዙ በሁለት ጣት ይያዛል፤ ፊቱ አይነካም። ያስተማረኝ ዋልተር የሚባል ፈረንጅ ሽማግሌ ነው። ዋልተር በወር አንድ ቅዳሜ ኢስት ፖይንት ከሚባል ከተማ አጠገብ ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የድሮ የስፖርት ካርድ ይሸጥ ነበር። እኔ ደግሞ እዚያው ሆቴል የእንግዳ መኪና ፓርክ አደርጋለሁ። ካርቶኖቹን ከመኪናው ሳወርድለት አየኝና "የእኔ ጉልበት አልቋል፣ ያንተ አላለቀም፤ ና አብረን እንሥራ" አለኝ። ዘመኑ በነሱ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው።

ካርድ ስል መጫወቻ ካርታ እንዳይመስላችሁ። የኳስ ተጫዋች ፎቶ የታተመበት፣ ከመዳፍ የሚያንስ ካርቶን ነው። ድሮ ከማስቲካ ጋር ለልጆች ይሸጥ ነበር። ልጆቹ አደጉ፣ እናቶቻቸው ካርዱን ከቆሻሻ ጋር ጣሉት፣ ልጆቹ አርጅተው ገንዘብ ሲይዙ መልሰው ሊገዙት መጡ። ንግዱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ያኔ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም። አማርኛውንም ቢሆን በመሠረተ ትምህርት ነው የለቃቀምኩት። ግን ባቲ ገበያ ሃያ ዓመት ቆዳ ነግጃለሁ። ቆዳ በጣትና በአፍንጫ ነው የሚገዛ። ዋልተር በዚያው በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ሊሸጥለት ያመጣውን ካርድ "እስኪ ያዘው" ብሎ ሰጠኝ። በጠርዙ ያዝኩት፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

"ምን ታደርጋለህ?" አለ።

"ይሄ ሻይ ጠጥቷል" አልኩት።

አስመስለው ያተሙት አዲስ ካርድ ነበር። ያረጀ እንዲመስል ሻይ ውስጥ ነክረውታል። የእውነተኛው የድሮ ካርድ ጀርባው የማስቲካ ስኳርና የምድር ቤት እርጥበት ይሸታል። ዋልተር መነጽሩን አወለቀና ካርዱን ሳይሆን እኔን አየኝ። ከዚያ ወዲያ ሊገዛ ያሰበውን ሁሉ መጀመሪያ ወደ አፍንጫዬ ያመጣው ነበር። ሻጮቹ "ሰውየው ዕቃዬን ለምን ያሸተዋል?" ሲሉት "ኢንስፔክተር ነው" ይላቸዋል።

የቀረውንም ቀስ በቀስ አስተማረኝ። አራቱ ማዕዘን ስል መሆኑን ታያለህ። ካርዱን ወደ መብራት አዘንብለህ እጥፋት ትፈልጋለህ። የፎቶው ነጭ ዳር ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ትለካለህ። ሰዎች የተበላ ማዕዘን ለመደበቅ ጠርዙን በምላጭ ይከረክሙታል፤ እሱን ጣት ያውቀዋል፣ አዲስ የተቆረጠ ጠርዝ ይቆረቁራል። ጥሩውን በስስ ላስቲክ፣ ከዚያ በደረቅ ፕላስቲክ ታለብሰዋለህ። ተራውን በካርቶን ደርድረህ "አንዱ በአንድ ዶላር" ትለዋለህ።

ጥቂት ዓመት እንደሠራን ዋልተር ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆነና ተወው። ጠረጴዛውን ለእኔ አስተላለፈልኝ። ጠረጴዛው በዋናው በር መግቢያ በስተቀኝ ነበር፤ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አዳራሹን ለካርድ ነጋዴዎች ጠረጴዛ እያከራየች የምታስተዳድረው ዶና የምትባል ሴት ናት። መጀመሪያ ለእኔ መተላለፉን አልወደደችውም።

"ለሙከራ ነው" አለችኝ። "አንድ ደንበኛ ወይም አንድ ነጋዴ 'ሰይድ አታለለኝ' ብሎ ከመጣ ጠረጴዛህን አነሳለሁ። ሁለተኛ ዕድል የለም።"

እኔ ደግሞ ግትር ነኝና የፓርኪንጉን ሥራ በዚያው ሳምንት ለቀቅሁ። ባለቤቴ ዘይነባ "ሰው ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ለቆ የሰው ፎቶ ይሸጣል? ያውም የማያውቃቸውን ሰዎች!" አለች። ያቺ ጠረጴዛ ከሄደች ሌላ እንጀራ የለኝም ማለት ነው።

ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ የራንዲ ነበር። ራንዲ ከሎረንስቪል የሚመጣ፣ ቀበቶው ከሆዱ ስር የጠፋ ትልቅ ሰው ነው። የበሩን ቦታ ለዓመታት ሲጠብቅ ኖሮ ለእኔ ሲሰጥ አየ። ስለዚህ ሥራው እኔን መጠበቅ ሆነ። ደንበኛ ከጠረጴዛዬ ካርድ ካነሳ የራንዲ አንገት እንደ ግመል ይመጣል። ሰውዬው ካመነታ ራንዲ ይፈጥናል፤ "እኔ እወስደዋለሁ" ይላል። በዚህ ብዙ ጥሩ ካርድ ወስዶብኛል።

አንድ ቅዳሜ፣ አረፋ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ሁሴን መጣ። ሁሴን የባቲ ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል። ከከተማ ውጭ ካለ ገበሬ በግ ተዋውሎ ለሰፈራችን ሰዎች ይሸጣል። ሁለት በግ እንዲያመጣልኝ ነግሬው ስለነበር ለዋጋው ነው የመጣው። ገበያው ቀዝቅዞ ነበርና "ተቀመጥ" አልኩት።

ባቲ የከብት ዋጋ በአፍ አይነገርም። ገዢና ሻጭ በጨርቅ ስር እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ጣት በመያዝ ይነጋገራሉ፤ ዳር የቆመ ሰው አያውቅም። ካርድ የማነጥፍበት ጥቁር ፎጣ አለኝ። እጃችንን ከስሩ አስገባን። ፎጣው ላይ አንድ ካርድ ተቀምጦ ነበር፤ ጢማም የቤዝቦል ተጫዋች፣ ጥቂት ተጫውቶ የጠፋ ሰው። ዋጋው ሁለት ዶላር ቢሆን ነው፣ እሱም ገበያ ከቀናህ።

አንድ ጣት ሃምሳ ዶላር ነው ተባባልን። አራት ጣቱን ያዝኩ። ሁሴን ጭንቅላቱን ነቀነቀና አምስቱን ጣቴን ጨመቀኝ። እኔ መልሼ አራት። እሱ አምስት። ላብ አላበን።

"እረ ጋሽ ሰይድ፣ አላህን ይፍሩ!" አለና እጁን መንጭቆ ብድግ አለ። "ኖ ዌይ! ቱ ፊፍቲ፣ ላስት ፕራይስ! የእርስዎ ነገር መቼም!"

"አይሆንም!" አልኩ እኔም።

ተቆጥቶ ወጣ። እኛ ዘንድ ይሄ ጠብ አይደለም፤ የክርክሩ አንድ ክፍል ነው። ገዢ ወይም ሻጭ ተቆጥቶ ካልሄደ ዋጋው አልበሰለም። ትንሽ ዞር ዞር ብሎ እንደሚመለስ አውቃለሁ።

ራንዲ ግን ይህን ከየት ያውቃል? እሱ ያየው ሁለት ሰዎች በአንድ ካርድ ዙሪያ በድብቅ ሲታገሉ፣ ላብ ሲያልባቸው፣ አንዱ ዋጋ ጠርቶ ተናዶ ሲሄድ ነው። አንገቱ መጣ።

"ያ ሰውዬ ሁለት መቶ ሃምሳ ብሎህ አልተስማማህም?" አለኝ።

"አልተስማማሁም" አልኩት። እውነት ነው፤ በበጉ አልተስማማሁም።

ጢማሙን አነሳ። አጉሊ መነጽሩን አወጣ። የፈለገ ያገኛል፤ ከቆቡ ጫፍ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አገኘ፣ የቀለም ፍንጣቂ። "አሃ" አለ፤ ማንም የማያውቀውን፣ የካርድ ዋጋ የሚያንር የኅትመት ስህተት ያገኘ መስሎት ዓይኑ በራ።

"ሦስት መቶ" አለኝ።

እዚህ ላይ "ራንዲ፣ የምንከራከረው ስለ በግ ነው" ማለት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ግን የወሰደብኝ ካርድ ሁሉ ትዝ አለኝና "ደህና አድርገህ አይተኸዋል?" አልኩት።

"አይቼዋለሁ።"

"እስኪ ድገመው።"

"እሺ ሦስት መቶ ሃምሳ!"

ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ አፌን አልከፈትኩም። ዝም ባልኩ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። አራት መቶ ላይ ሲደርስ ፈራሁና ካርዱን ሰጠሁት። ራንዲ ገንዘቡን አስቀምጦ እንደሰረቀ ሰው ዞር ዞር እያለ ሄደ።

ደስታው ብዙ አልቆየለትም። ሲጋራ ሊያጨስ ወደ ፓርኪንጉ ሲወጣ ሁሴንን አገኘው። ሊያቃጥለው ብሎ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ "አንተ ያመለጠህን እኔ ያዝኩት" አለው።

ሁሴንም "የምን ካርድ? እኔ በግ ነው የምሸጠው" አለው።

ራንዲ እንደ በርበሬ ቀልቶ ተመለሰ። እኔ ጋ አልመጣም፤ በቀጥታ ወደ ዶና ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ሳይ ዘይነባ ዓይኔ ላይ መጣች። ጠረጴዛዬ አለቀላት አልኩ።

"ሰይድ፣ ከፎጣው ስር ምን ነበር?" አለች ዶና።

"እጅ።"

"የማን እጅ?"

"የእኔና የሁሴን።"

"እና ምን ታደርጉ ነበር?"

"በግ እንገዛ ነበር።"

ዶና ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ስር አየች። "ሆቴሉ እንስሳ አይፈቅድም፤ ውሉ ላይ አለ" አለች።

በጉ ገበሬው ጋ እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ። በመጨረሻ "እጅሽን አምጪ" አልኳት። ፎጣውን ጣል አድርጌ ሦስት ጣቷን ያዝኩ። "ይሄ መቶ ሃምሳ ነው።" ግማሽ ጣት ያዝኩ። "ይሄ ሃያ አምስት።" ከዚያ እሷ ራሷ አራት ጣቴን ይዛ "ይሄስ ሁለት መቶ?" አለች። ደስ ብሏታል። ራንዲ "ዶና፣ አንቺም?" አላት።

ዶና እጇን ከፎጣው አወጣችና ፊቷ ኮስተር አለ። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ራንዲ ስለ ካርዱ ነው ብሎ እንዳሰበ አውቀሃል?"

እንግዲህ "አላወቅሁም" ብል ምስክር የለም። ግን ግትር ነኝ እንጂ ውሸታም አይደለሁም።

"አውቄያለሁ" አልኳት።

ወደ ራንዲ ጠቆመች። "ገንዘቡን መልስለት፤ ይቅርታም ጠይቀው።"

አራቱን መቶ ዶላር እዚያው መለስኩ፣ ጢማሙን ተቀበልኩ። "ይቅርታውን ግን አልልም" አልኩ። "አንገቱን ማን አምጣ አለው?"

"እንግዲያው በር ላይ አትቀመጥም" አለች ዶና። "እውነቱን ስለተናገርክ ከአዳራሹ አላስወጣህም። ይቅርታ እስክትጠይቅ ድረስ ግን ቦታህ ከኋላ፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ነው። ይህን ቦታ ራንዲ ይይዘዋል።"

ካርቶኖቼን ተሸክሜ አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጥኩ። ነጋዴዎቹ ያዩኛል። ሁሴን ተመልሶ መጥቶ አግኝቶኝ "አፉ ይበሉኝ ጋሽ ሰይድ፣ በኔ አፍ ነው ይሄ ሁሉ" አለ፤ በጎቹንም ባልኩት ዋጋ ሰጠኝ። ማታ ለዘይነባ ቦታዬን ስነግራት "የት?" ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

በሚቀጥለው ወር አፍሬ፣ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። የድሮ ካርድ የሚሰበስቡ ሰዎች ምን ዓይነት ናቸው? ሽማግሌ ወንዶች! ሽማግሌ ወንድ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ይሄዳል? እኔን ጠይቁኝ። በዋናው በር የሚገባ ሰው አንድ ጊዜ ገብቶ ያልፋል። እኔ ጋ ያው ሰው አራት ጊዜ ይመጣል፣ ያውም ተሰልፎ ይቆማል። የቆመ ሰው ምን ያደርጋል? ካርድ ያያል። ሲገባ "ይሄን ያዝልኝ" ይላል፣ ሲወጣ "እጄን ታጥቤያለሁ" ብሎ ይከፍላል።

ሚስቶቹ ደግሞ ቦርሳና ጃኬት ይዘው ደጃፉ ላይ ይጠብቃሉ። አንዷ ሰልችቷት "የኔ ሰውዬ የዚህ ዓይነት ምድር ቤት ሙሉ አለው፤ ትገዛለህ?" አለችኝ። "እሱ ከፈቀደ" አልኳት። ባልየው ሲወጣ እሷ አስፈቀደችው። እንዴት እንዳስፈቀደችው አልጽፍም። ከዚያ በኋላ ጥሩ ጥሩ ካርድ የገዛሁት በሚስቶች በኩል ነው።

ራንዲስ? በር ላይ ብርድ ይገርፈዋል። የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያገኛል፤ የሚጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው፤ "ሽንት ቤት በየት ነው?" እሱም ቀኑን ሙሉ ጣቱን እየቀሰረ ወደ እኔ ይልካቸዋል።

ከጥቂት ወር በኋላ መጣ። "ሰይድ፣ የድሮው ይበቃል። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ወደ ቦታህ ተመለስ" አለኝ።

"መቼ ጠየቅሁህ?" አልኩት።

"ሳትጠይቀኝ ይቅር ብያለሁ!"

"አይ፣ ዶና 'ይቅርታ ካልጠየቅህ አትመለስም' ብላለች። ሕግ ነው። እኔ ደግሞ ግትር ነኝ።"

ዶና ጋ ሄዶ አለቀሰ። ዶና መጥታ ሰልፉን አየች፣ ካርቶኖቼን አየች፣ እኔን አየች። "አንተ ሰውዬ ይቅርታ የማትጠይቀው ስለምታፍር ነው ወይስ ስለምታተርፍ?" አለች። እየሳቀች ሄደች።

እንደዚያ ብዬ በነሱ አቆጣጠር እስከ ሁለት ሺዎቹ መጨረሻ ድረስ ሠራሁ። በኋላ ካርድ በኮምፒውተር መሸጥ ተጀመረ። ኮምፒውተር አይሸትም፤ ለኔ አይሆንም። ጠረጴዛዬን የለቀቅሁ ዕለት ካርቶኖቼን መኪና ላይ ጭኜ፣ በዋናው በር በኩል ራንዲ ጋ ሄድኩ። እሱም አርጅቷል።

"ራንዲ፣ የዚያን ቀን ስለ በግ እንደሆነ ልነግርህ ይገባ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት።

ሰዓቱን አየ፣ የተጫነውን መኪናዬን በበሩ መስታወት አየ። "አሁን ነው የምትጠይቀኝ?"

"አሁን ቦታውን አልፈልገውማ።"

ስድብ ጀምሮ ሳቅ ቀደመው። እጄን ጨበጠና ሽንት ቤቱ በር ላይ ያለውን ጠረጴዛ ማን እንደያዘው ጠየቀኝ። ዶናን ጠይቅ አልኩት።

ጠረጴዛ የምትከራዩ ልጆች፣ በር ላይ አትያዙ። በር ላይ ሰው ያልፋል እንጂ አይቆምም። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቃችሁ እዚያ ያዙ።