ከገበታው ላይ የላግኩት መስቀል

ጠረጴዛውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ከከምባታ መጥቼ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ የእንጨት ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ለጸሎት ቤታችን የጌታ እራት ገበታ እንዲሆን ከደረቀ ዋንዛ አበጀሁት። መሐሉ ላይ በመሮ መስቀል ቀረጽኩበት። ታናሽ ወንድሜ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሰው ሳምንት ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ጠረጴዛው ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተወሰደ። እኛም በየቤቱ ተደብቀን መጸለይ ጀመርን። ወንድሜ እንዲህ ሲጸልይ ተይዞ ታሰረ።

በታሰረ በስምንተኛው ወር የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። ጠረጴዛው ፊቱ ቆሟል። ትኩስ ማንቆርቆሪያ ያረፈበት ሁሉ ነጭ ክብ ሠርቷል፤ ቀለም ፈሶበታል፤ ጣሪያው እያፈሰሰበት መሐሉ ተሰንጥቋል።

«አንተ ነህ አሉ የሠራኸው።»

«አዎ፣ ጓድ።»

«አድሰው። መስቀሉንም አጥፋው፤ ሰው ይሰበሰብበታል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የወንድምህን ነገር እኔም አስብበታለሁ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ሌላ ምን ማለት እንደነበረብኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጠረጴዛውን ወደ ሥራ ሱቄ አስወስጄ ስንጥቁን በኮላ አጣብቄ አሰርኩት፤ የቀረውን ክፍተት ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ደፈንኩት። የቀለሙን እድፍ ፋቅኩ። መስቀሉ ጋ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለ። ሦስት ቀን ዙሪያውን ስዞር ሱቁን የሚጋሩኝ ሽማግሌ አናጢ አዩኝ። እስላም ናቸው፤ የጅማ ተወላጅ።

«ኦቦሌሳ ኮ» አሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው። «መላጊያውን ለእኔ ስጠኝና አንተ ሻይ ጠጥተህ ና።»

«እርስዎ ቢልጉትስ፣ ኃጢአቱ የማን ነው?»

ትንሽ አሰቡ። «ወላሂ፣ እኔም እፈራለሁ። ግን ልጁ እስር ቤት ነው።»

አልሰጠኋቸውም። የሠራሁት እኔ፣ የማጠፋውም እኔ ልሁን አልኩ። ቅርጹ ጥልቅ ነበር፤ ከላይ ከላይ ብልገው ቶሎ አልጠፋም። እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ ክር አከለ። ከዚያ ምንም የለም። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ።

ቫርኒሽ ቀብቼ ስመልሰው ሊቀመንበሩ በመዳፉ ዳሰሰውና «ጎበዝ!» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ከሁለት ወር በኋላ ተፈታ። በሊቀመንበሩ ይሁን በሌላ፣ ማንም አልነገረኝም። ከስቶ፣ ጢሙን አሳድጎ መጣ። ምሳ እየበላን ሳለ የመስቀሉን ነገር ነገርኩት። እጁን ከትሪው አነሳ።

«በእኔ ምክንያት ነው?»

«ባንተ ምክንያት።»

«ልከህ ብትጠይቀኝ አትንካው እልህ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልጠየቅሁህ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣም። በሳምንቱ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ሰኮሩ ከተማ ሄደና መንገድ ዳር አነስተኛ ሱቅ ከፈተ። አልተጣላንም። ለበዓል ይመጣል፤ ልጆቼን ይስማል፤ ስለ ቡናው ፍሬ፣ ስለ ዝናቡ ያወራኛል።

አንድ ጊዜ ምሳ ቀርቦ እኔ «ጸልይልን» ስለው «ታላቅ እያለ?» ብሎ አቀረቀረ። እኔም አቀረቀርኩ፤ ቃል ግን ከአፌ አልወጣም። ወጡ ሲቀዘቅዝ ባለቤቴ «አሜን» አለችና እንጀራውን ቆረሰች።