ጋሼ የሚቀምስልኝ ወይን

ልጄ፣ እንደምነግርሽ ጻፊው። ስኳር ስላለብኝ ወይን አልጠጣም። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ግን ዓርብ ዓርብ ሺምሾን ሰፈር ወዳለው ቤቴ ሲመጣ ለሁለታችን ይቀምስ ነበር። ከኪዱሹ፣ ከሰንበቱ የወይን ቡራኬ፣ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ነጩ ያልበሰለ እንኮይ ነው፣ ጥርስ ያጠርሳል። ቀዩ ደግሞ አጋም ነው፤ ያ ልጆች ሆነን ከወንዙ ዳር የለቀምነው" ይለኛል።

"ጋሼ፣ አንተ ጠጣኸው፣ እኔ ሰከርኩ!" እለው ነበር።

ጋሼ ሞቶ የሐዘኑ ሰባት ቀን ካለፈ በኋላ፣ በመጀመሪያው ዓርብ፣ አንቺን ቅመሽልኝ አልኩሽ።

"ታዒም፣ እማማ" አልሽኝ፣ ይጣፍጣል ለማለት በዕብራይስጥ።

"ታዒምማ ሁሉም ታዒም ነው፤ ምን ምን ይላል?"

ደግመሽ ቀመስሽና፣ "ይቅርታ እማማ፣ እኔ አጋም በልቼ አላውቅም" አልሽኝ።

እውነትሽን ነው፣ እዚህ አገር አድገሽ የት ታውቂዋለሽ። አብሮኝ የለቀመው እሱ ብቻ ነበር።