ያልጎረርሁበት ቀን

የታሰርሁበት ክፍል የእህል መጋዘን ነበር። ወለሉ ላይ የበቆሎ ፍሬ እዚህም እዚያም ወድቋል፤ ግድግዳው ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይሸታል። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ኬላ ላይ ወታደሮች ከሚኒባስ አውርደው ነው ያመጡኝ። ከቦርሳዬ ሦስት መጻሕፍትና አንድ ደብተር አገኙ። ገበሬ የሚመስል ሽማግሌ ይህን ሁሉ ምን ያደርግለታል? ጥፋቴ ይኸው ነበር።

እኔን የማያውቅ ካለ ልንገረው። የተማሪ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በራሴ ነው፤ ዲግሪ ያላቸው ሳይቀሩ ማመልከቻ የሚያጽፉት እኔ ዘንድ ነው። በዚህ አገር እንደ እኔ የሚጽፍ አላየሁም። “ማን አስተማረህ?” ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፦ “ማንም!”

በማግስቱ አንድ መርማሪ ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጠኝ። ልጄ የሚሆን፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነው።

“አባቴ፣ የሕይወት ታሪክዎን ይጻፉልን። ከልጅነት ጀምረው። አይቸኩሉ።”

ደስ አለኝ። ይህን መካድ አልችልም። በሰባ ዓመቴ የሕይወት ታሪኬን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። እስከ ማታ አሥራ አንድ ገጽ ሞላሁ። መጨረሻው ላይ ልቤ ራራና በዕድሜዬ ያላልሁትን ጻፍሁ፦ መጻሕፍቱን ሁሉ ያዋሰኝ አንድ ጡረተኛ መምህር እንደሆነ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ተሰብስበን እንደምናነብ። ስሙን ከነአባቱ ጻፍሁ። ምስጋና በሙሉ ስም ያምራል ብዬ።

በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና መምህሩ ገባ።

“አንተ ጉረኛ፣ እዚህም ቀደምኸኝ?” አለኝ።

አልሳቅሁም። ከጎኔ ሲቀመጥ ያደረግሁትን ነገርሁት። ጫማውን አውልቆ ጭቃውን በስንጥር ይፍቅ ጀመር።

“ስሜን አሳምረህ ጻፍኸው?”

“አሳምሬ።”

“‘መምህር’ ብለህ?”

“ብዬ።”

“እንግዲያ ምን አጠፋህ? የሌሎቹን ግን እንዳትጽፍ።”

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ባዶ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

“እሑድ እሑድ የሚመጡትን ሰዎች ስም ይጻፉልን፣ አባቴ።”

“መጻፍ አልችልም።”

መርማሪው አሥራ አንዱን ገጽ ፊቴ ደረደረ። “ይኸ የማን እጅ ነው ታዲያ?”

“እንጃ። የተማረ ሰው ይሆናል። እኔ መሃይም ነኝ።”

መሃይም! እኔ! ከአፌ ሲወጣ እንደ ሬት መረረኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። የቀኝ አውራ ጣቴ ዛሬም አይታጠፍም። በመጨረሻ “ቃሉን ለመስጠት እምቢ ብሏል” የሚል ወረቀት አቀረቡና “ፈርም” አሉኝ። እኔም እንደማይጽፍ ሰው በዚያው ባበጠው ጣት አሻራዬን አሳረፍሁ። ከሌሎቹ የእሑድ ሰዎች አንድም አልተያዘም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ መምህሩ የለም። ከፈረስ ቤት ከተማ አካባቢ የመጣ አንድ ገበሬ ከእኛ ጋር ታስሮ ነበር።

“ጠርተው ወሰዱት፣ አባባ” አለኝ። “ጫማውን እስኪያጠልቅ እንኳ አልጠበቁትም።”

ጭቃው የተፋቀው ጫማ ከግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከዚያ ወዲያ መምህሩ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። እኔ ከሁለት ወር በኋላ ተፈታሁ።

ከዚያ መጋዘን ወዲህ በር ዘግቼ መጻፍ አልችልም። እስክርቢቶ የምይዘው በሌባ ጣትና በመሃል ጣት መካከል ነው፤ እንዲያም ሆኖ ጽሕፈቴ ከብዙው ይሻላል። የሰው ስም ግን አልጽፍም። በዚህ ጽሑፍ ስም ያጣ አንባቢ ምክንያቱን ይወቅልኝ። ያን ቀን እንደ ልማዴ “ማንም አላስተማረኝም” ብዬ ጎርሬ ቢሆን ኖሮ፣ መምህሩ ዛሬ እቤቱ ነበር።

ሚስቱ በየወሩ ትመጣለች፤ ባሏ ያለበትን የሚጠይቅ ማመልከቻ እንድጽፍላት።

“እንደርስዎ የሚጽፍ ማን አለ?” ትለኛለች። “የተያዙበት ምክንያት አይታወቅም ብለው ይጻፉልኝ።”

እጽፋለሁ። አሳምሬ። አጥፋ ከነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረውና “እግዜር ይስጥልኝ” ብላ ትሄዳለች።

ይህን ጽሑፍ የጀመርሁት ለእሷ ብዬ ነው። ነገር ግን ዓይኗ ደክሟል፤ የማነብላት እኔው ነኝ። ትናንት መጥታ ነበር። ከኪሴ አወጣሁት። መልሼ ከተትሁትና ማመልከቻዋን ጻፍሁላት።