ቀይ ጠመኔ በመጨረሻው ክንፍ ላይ

ሄስተር ተክዌል የጦር አውሮፕላን ሰፊ ነበረች። ሰፊ ስል ተሳስቼ አይደለም፤ ያን ጊዜ አውሮፕላን እንደ ቀሚስ የሚሰፋ ነገር ነበር። የእንጨት አጥንት ይሠራለታል፣ የተልባ እግር ጨርቅ ይለብሳል፣ ጨርቁ በሰም በታሸ ክር ከአጥንቱ ጋር ይሰፋል፣ ከዚያ ከረሜላ ከረሜላ የሚሸት ቅባት ይቀባና እንደ ከበሮ ይወጠራል። ክንፉ ደግሞ ላይና ታች ድርብ ነው። ለጄኔራሎቹ ድርብ ክንፍ ማለት ሰማይ ላይ እንደልብ መገለባበጥ ነው አሉ። ለሄስተር ድርብ ስፌት ነው።

እንግሊዝ አገር ሰቨርን ወንዝ ዳር ያለው ፋብሪካ የገባችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በልጅነቷ ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ እጮኛዋም እዚያው አለቀ፣ ፋብሪካው ግን ገዢ አላጣም። የገዛ መንግሥቷ አልፈልግም ያለውን አውሮፕላን አንዴ ፋርስ ይገዛዋል፣ አንዴ ቻይና ይገዛዋል። ሄስተር አገሮቹን ባታውቃቸውም ለሁሉም እኩል ትሰፋለች። አርባን አልፋ የስፌት ክፍሉ አለቃ እስክትሆን ድረስ አንድም ገዢ ስፌቷ ላይ ቀይ ጠመኔ አላሳረፈም። ኩራቷ ይሄ ነው፤ ሌላ የላትም።

ገዢው መንግሥት የራሱን ሰው ይልካላ! ሰውየው ቅባቱ ሳይቀባ እያንዳንዱን ክንፍ ይዳብሳል፤ ከወደደው ማህተም ይመታበታል፣ ካልወደደው በቀይ ያሰምርበታል። ከላትቪያ የመጣው አርቪድስ ካልቬ ይባላል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጅም፣ ዝምተኛ መካኒክ። የተከራየው የሄስተር እናት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ላትቪያ የት እንደሆነች ሄስተር አታውቅም፤ ብርዳም መሆኗን ግን ከሰውየው ካልሲ ውፍረት ገምታለች። ጥቁር ዳቦ እንደናፈቀው ስትሰማ አንድ እሁድ ጋገረችለት። ድንጋይ ሆነ። ሰውየው ሻይ ውስጥ እየነከረ ጨረሰው።

"ይሄ ሰው ወይ ምላስ የለውም ወይ ወዶሻል" አለች እናቷ።

"እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ይሰማሻል!"

"ቢሰማስ? ቋንቋው የት አለውና!"

የላትቪያ ትእዛዝ ወደ ማለቁ መጣ። አርቪድስ የመጨረሻው አውሮፕላን የመጨረሻ ክንፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ዳበሰ፣ አየ፣ ቀና አለ፣ በቀይ አሰመረበት።

ሄስተር ፈታታ እንደገና ሰፋችው። እንደገና አሰመረበት።

ፎርማኑ ሚስተር ፖኮክ ጠራት። "ስሚ ሄስተር፣ ዓይንሽ ደክሞ እንደሆነ ንገሪኝ። አሁንም ከመለሰው ቦታሽን ለዲሊስ እሰጣለሁ።"

"ለዲሊስ? ቁልፍ መትከል ለማትችለዋ?"

"ቁልፏ ላይ ማንም በቀይ አላሰመረም።"

ምሳ ሰዓት ላይ ሄስተር ሰውየውን ክንፉ አጠገብ ብቻውን አገኘችው። መቀሷን እንደያዘች ነው።

"ሚስተር ካልቬ፣ ጥፋቴ የቱ ጋ ነው? ጣትዎን ያሳርፉበት።"

ጣቱ ስፌቱን ይዞ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ማረፊያ አጣ። ጆሮው ቀላ።

"ጥፋት የለም" አለ።

"ምን አሉ?"

"ክንፉ ካለፈ አውሮፕላኑ መርከብ ላይ ይጫናል። እኔም አብሬ እጫናለሁ።"

ሄስተር እስኪገባት ትንሽ ቆየች። ሲገባት ደስ ይላታል ብላችሁ ከጠበቃችሁ አታውቋትም።

"አንተ ሰውዬ! ስሜን በጠመኔ ከምታጠፋው አፍ አውጥተህ ብትናገር ምን ነበረበት?"

"የኔ እንግሊዝኛ የቡሎንና የሽቦ ነው" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ለእንዲህ ያለው የሚሆነውን አላስተማሩኝም።"

ኮፍያውን አነሳና ቀጥ ብሎ ፖኮክ ጋ ሄደ። ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ "ስፌቱ ደህና ነው፤ ፊትም ደህና ነበር። ስህተቱ የኔ ነው" አለ። ለምን እንደተሳሳተ ግን አልተናገረም። ወደ ክንፉ ተመልሶ ቀዩን በኮቱ እጅጌ ጠረገና ማህተሙን መታ።

ፖኮክ እጁን አፋተገ። "በቃ! ተቀብቶ ይታሸግ፣ ወደ መርከብ!"

ሄስተር ማህተሙን አየችው። ስሟን መልሶላታል፤ ሰውየውን ደግሞ ሊወስድባት ነው። ያንን ዳቦ አስባ ይሆናል። መቀሷን ሰካችና ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደደችው።

ዲሊስ ጮኸች።

"አብደሻል እንዴ?" አለ ፖኮክ። "ሰውየው አሳልፎታል እኮ!"

"እሱ አሳልፎታል። እኔ አላሳለፍኩትም።" ከአርቪድስ ኪስ ጠመኔውን መዘዘችና በገዛ ስፌቷ ላይ አሰመረች።

በማግስቱ የአለቅነት ወንበሯ ለዲሊስ ሆነ። ሄስተር ከተራ ሰፊዎቹ መሀል ቁጭ ብላ በዕድሜዋ ሰፍታ የማታውቀውን ያህል በዝግታ መስፋት ጀመረች። ሥራ የፈታው የላትቪያ መንግሥት ተወካይ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ክር በሰም ያሻል። የላትቪያ አየር ኃይል አውሮፕላኑን ይጠብቃል። ይጠብቅ።

"አርቪድስ" አለችው ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል።

"አቤት።"

"እናንተ አገር እንዳንተው ያለ ወፍራም ካልሲ ለሴት ይገኛል?"

ጆሮው እንደገና ቀላ። "የምትሠራው እናቴ ናት" አለ። በሰም የታሸውን ክር ዘርግቶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። "ልክሽን ልላክላት።"

ሄስተር ጫማዋን አወለቀች።