ከመሪው የማይወርደው ሹፌር

ሹፌሩን የሥራ ባልደረቦቹ «አይወርዴ» ይሉታል። የነዳጅ ቦቴውን ይዞ ከወደብ ተነስቶ መሃል አገር እስኪገባ ከመቀመጫው አይነሳም፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ሹመት ይቆጥረው ነበር። ሽንት እንዳያስቆመው ውሃ አይጠጣም፤ ሲጋራውን ግን ከአፉ አይነጥልም። መንገድ ዳር ወርደው ወገባቸውን የሚያፍታቱ ሹፌሮች ሲያይ እርጉዞች ናቸው እያለ ጡሩምባ ይነፋባቸዋል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ በመቀመጫው የሚኮራ ወንድ ከእሱ ሌላ አይታ አታውቅም።

አንድ ጊዜ ከመንገድ ሲመለስ ግራ ባቱ አብጦ መጣ። ቀልቷል፣ ያተኩሳል፣ ሲረግጥበት ያመዋል። ሱሪው አልወልቅ ስላለ ስፌቱን የተረተረችለት እሷ ናት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው ጅማት ነው አላት። ጅማት አንድ እግር ብቻ ለይቶ እንዴት እንደ ትራስ እንደሚነፋ ግን አላስረዳትም። ይልቅ ታላቅ ወንድሙን አስጠራ። ታላቅ ወንድሙ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ቅባት አስመጥቶ፣ ባቱን እንደ ሊጥ ያሸው ጀመር። ሹፌሩ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ሚስትየው ይቅርበት ብትል ማን ሰምቷት፤ ታላቅየው ሕመሙ እየወጣ ነው አላት።

መውጣቱንስ ወጣ፤ የወጣው ግን ወደ ላይ ነበር። በማግስቱ ሹፌሩ ትንፋሽ አጠረው፤ ደረቱን ውጋት ሰቅዞ ያዘው፤ ላብ አሰመጠው። ሚስቱ ማንንም ሳታማክር ታክሲ ጠርታ ሐኪም ቤት አደረሰችው።

ሐኪሟ እግሩንና ሳንባውን በመሣሪያ ካየች በኋላ አስረዳቻቸው። ሰው ሳይንቀሳቀስ ብዙ ሲቀመጥ በእግሩ ደም መልስ ውስጥ ያለው ደም ይተኛል፤ የውሃ ጥምና ሲጋራ ሲታከልበት ይረጋል። ከረጋው ደም ተቆርሶ የሄደው ነው ሳንባው ላይ የተወተፈው። ደም ቅዳ ውስጥ ረግቶ ልብን ወይም አንጎልን ቢዘጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ በሲጋራው ከገፋበት እሱም ሩቅ አይደለም። ለጊዜው ሆዱ ላይ መርፌ ይወጋል፤ ከዚያ ለወራት ክኒን ይውጣል። መድኃኒቱ የረጋው እንዳይጨምር ያግደዋል፤ ቀሪውን ሰውነቱ ራሱ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ድዱ ከደማ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ግን ፈጥኖ ይምጣ። ወደ ሥራው ሲመለስም በየመንገዱ እየወረደ ይንቀሳቀስ፣ ውሃም ይጠጣ።

«ለመሆኑ መንገድ ላይ ለምንድን ነው የማይወርዱት?» አለችው በመጨረሻ።



«ክብሩን ይነካዋል፣ ዶክተር» አለች ሚስቱ።

ቤት በገባ በሳምንቱ ታላቅ ወንድሙ ሊጠይቀው መጣ። ክኒኑን አገላብጦ አየና ደም የሚያቀጥን ነገር ወንድን ያልፈሰፍሳል፣ ከተሻለህ ተወው ሲል መከረው። ሹፌሩ እሺ ሊል አፉን ሲከፍት ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ እርስዎ ያሹት ነገር ሳንባው ድረስ ሄዶ ሊገድለው ነበር። አሁን እጅዎን ሰብስበው ሻይዎን ይጠጡ።»

ታላቅ ወንድሙ ሻዩን ጠጣ።

ሹፌሩ ክኒኑን ሳያቋርጥ ውጦ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሐኪም አዝዞኝ ነው የምወርደው ማለት ግን ሞቱ ነው። ስለዚህ በየመንገዱ እየቆመ፣ ውሃውን እየተጎነጨ፣ ጎማ የሚያይ መስሎ ቦቴውን ይዞረዋል፤ ጎማውንም በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። ድርጅቱ ይህን አይቶ ጠንቃቃ ሹፌር የሚል የምስክር ወረቀት ሸለመው። እሱም ሳይሽኮረመም ተቀብሎ ሳሎን አሰቀለው። ሚስማሩን የመታችለት ሚስቱ ናት፤ መትታም ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።