የማር ሾርባ ለዳባት ክርስትና

ጎንደር፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ

ዛሬ ገና ዶሮ ሳይጮህ አንድ ሞኝነት ሠርቻለሁ፤ ቅል ሙሉ ወተት ገዝቼ ለጾም ቀን ድግስ ይዤ ተነሣሁ። ሞኝነቱን ግን ያኔ አላወቅሁትም። የጭነት ማኪናው ጋቢና ውስጥ ቅሌን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ኩራት በኩራት ሆኛለሁ። ከእግሬ ሥር ባለው ከረጢት ሩዝ፣ የሰሜን ነጭ ማርና አንድ ትልቅ ትርንጎ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳባት የዳርኋት ልጄ እናና ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ነገ ክርስትና ትነሣለች። እኔ በሟች ባለቤቴ ስም ስንዱ እንድትባል እሻለሁ። የእናና አማት እመት ብሬ ደግሞ በእናታቸው ስም ብርነሽ ትባል ይላሉ። ባለፈው ስንከራከር፣ በጣልያን ጊዜ ያየሁትን፣ በወተትና በማር የሚሠራ የሩዝ ሾርባ ለክርስትናው እሠራለሁ ብዬ ፎከርሁ። ያየሁት ሳህኑን ሳጥብ መሆኑን አልተናገርሁም። እመት ብሬ ሳቁና፣ «እንግዳው ድገሙኝ ካለ ስሙን እርስዎ ያውጡ» አሉ።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ረፋድ

ብርዱ አጥንት ይገባል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ፣ ጋቢ የተከናነቡ ገበያተኞች፣ ጭነት የከበዳቸው አህዮች። ሾፌሩ ጎማውን አይቶ ሲመለስ ቅሌ ላይ ዓይኑን ጣለ።

«አያ ካሴ፣ ምን ይዘዋል?»

«ለነገ ክርስትና ወተት።»

«ነገ ዓርብ አይደለም እንዴ? ቄሶቹን ሊያስፈስኩ ነው?»

ጭነቱ ላይ የተቀመጠው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ከመሳቅ በቀር ምን አደርጋለሁ? ዛሬ ሐሙስ ነውና ቅሉን አዞርሁላቸው፤ ባዶውን ተመለሰ። አንዲት ገበያተኛ ከንፈሯን እየጠረገች፣ «ሸጋ ወተት ነበር» አለችኝ፣ ለቅሶ የደረሰች ይመስል።

መመለስ እችል ነበር፤ አልተመለስሁም። የስንዱን ስም ለአንድ ቅል ወተት አልለውጥም! ዳገቱን ስንወጣ ሱፍ ትዝ አለኝ። ሱፍ ተወቅጦ በውሃ ሲጠለል ወተት ይመስላል፤ የጾምም ነው።

ዳባት፣ ከሰዓት በኋላ

«ምነው አያ ካሴ፣ ባዶ ቅል ታቅፈው መጡ?» አሉ እመት ብሬ ከደጃቸው ቆመው።

«ወተቱን መንገደኛ ጠጣው። ሱፍ ስጡኝ።»

«ሾርባ በማር! የታመመ ሰው አለ ብለዋል?»

ቢሆንም ሰጡኝ። ወቀጥሁ፣ በወንፊት አጠለልሁ፣ ከሩዙ ጋር ጣድሁ። ሲሞቅ ጊዜ ተቋጥሮ አይብ መሰለ። ደግሜ ጣድሁ፤ ያው ሆነ። እናና ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ «አባዬ፣ በቃ ይተዉት» አለችኝ።

«አልተውም!»

ለሦስተኛው ስጎነበስ እመት ብሬ ማማሰያውን ነጠቁኝ።

«ሱፍ እሳት ይጠላል! ሩዙን ለብቻው ቀቅለው በማር ያቀዝቅዙት፤ ሱፉን ነገ በብርዱ ያፍስሱበት።»

«ስሙ ይቀርብዎታል እኮ፣ እመት ብሬ።»

«ድግሱ የኔ ቤት ድግስ ነው። የሚታሙት እርስዎ ብቻ መሰለዎት?»

ዓርብ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ

ወንፊቱ ገለባ ያሳልፋል። ጨርቅ ስፈልግ እመት ብሬ ለክርስትናው የለበሱትን አዲስ ነጠላ ከትከሻቸው አወረዱልኝ። ሁለታችን ጫፍና ጫፉን ይዘን ሱፉን ጠመዘዝነው። እኔ በእልህ ስጠመዝዝ ነጠላው ተርር ብሎ መቀደድ ጀመረ። «ይቀደድ፣ ይጭመቁ!» አሉኝ። የሱፉን ውሃ በቀዘቀዘው ሩዝ ላይ አፍስሼ የትርንጎውን ልጣጭ ፍቄ ነሰነስሁበት፤ ቤቱ ሸተተ።

ቄሶቹ እህል ሳይቀምሱ የዋሉ ናቸው። አብረዋቸው የመጡት ደብተራ ጎድጓዳ ሳህኑን ወደ ብርሃን አዘንብለው፣ «ይህ ሾርባ ነው ወይስ ጠበል?» አሉ። ቀመሱ። ጨርሰው ጠጡና ሳህኑን ወደ እኔ ዘረጉ።

«አያ ካሴ፣ ድገሙኝ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! ድስቱ ተጠረገ። እመት ብሬ ሕፃኗን ከእናና ተቀብለው ከፍ አደረጉና፣ «ስንዱ ትባል» አሉ። «ሙያዋ ብቻ በወንድ አያቷ እንዳይወጣ!»

እናና እልል አለች። እኔ ዓይኔን ጠረግሁና ጭሱ ነው አልሁ፤ ሾርባው ቀዝቃዛ፣ እሳትም አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ወደ ጎንደር

ማኪናው ሲነሣ እመት ብሬ አሮጌ ጋቢ ደርበው ሸኙኝ። ስንዱ ስንዱነቷ ጸንቷል። እኔ ግን ለእመት ብሬ አንድ አዲስ ነጠላ፣ ያውም ጥለቱ ሰፊ የሆነ፣ እንዳለብኝ ነው።