የቨርና ሦስተኛ ሻማ

ጎረቤቴ ቨርና እዚሁ ኒው ጀርሲ ሠላሳ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታለች። ቤተ ክርስቲያን ከተወች ወዲህ እህቷ ዶሎሬስ ማዕዷን ቀምሳ አታውቅም። ዘንድሮ ግን «የሰው ብርሃን» የምንለውን የእምነት የለሾች በዓል ስናከብር፣ የገና ዋዜማ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መጣች።

በበዓሉ ከሚበሩት ሦስት ሻማዎች የማስተዋሉና የርኅራኄው ተለኮሱ። የተስፋውን እንድታበራ ቨርና ክብሪቱን ለእህቷ አቀበለቻት።

«ማነው የሚጸልየው?» አለች ዶሎሬስ።

«እዚህ ቤት አይጸለይም።»

«ሳልጸልይ ሻማ አብርቼ አላውቅም። ካልሆነ ካፖርቴን ስጪኝና ልሂድ።»

ማስተዋልና ርኅራኄ ሲጣሉ የቱ እንደሚያሸንፍ ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ፍልስፍና አላስተማረኝም። ቨርና ግን ሳቀች።

«አንቺ ግትር! በልብሽ የምትይውን ማን ይከለክልሻል? አብሪልን!»

ዶሎሬስ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ሻማውን አብርታ፣ ወንበር ስባ ከእህቷ ጎን ተቀመጠች።